የማሾ ዋጋ ሲለወጥ ስክሪኑ እንዴት ያውቃል?

በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ የአንድ ኩንታል ማሾ ዋጋ ነው። ከአፍታ በኋላ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ይለወጣሉ። ሌላው ሁሉ ባለበት ነው፤ ገጹ ብልጭ ብሎ አልጠፋም፣ ሰውየው የሚያነበው መስመር ከዓይኑ ሥር አልሸሸም፣ ሊጫነው የነበረው ቁልፍም ቦታውን አልለቀቀም። ከቁጥሩ ሥር በትንንሽ ፊደላት «ከ2 ደቂቃ በፊት» የሚል ተጽፏል። ያየው ሰው «ጨመረ» ወይም «ወረደ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ቁጥሩ በሰዓቱ እንዲለወጥ፣ ተለውጦም እንዲታይ ያደረገው እጅ ግን ብዙ የተጠበበ እጅ ነው። ያንን ጥበብ ቀረብ ብሎ ማየት፣ አይቶም ማመስገን ይገባል እላለሁ።

የቁጥሩ ክብደት በደንብ የሚታወቀው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የሚሄድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማበር ብርድ ያልፍና በደብረ ሲና ቁልቁለት ይወርዳል። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል፤ ካፖርቱም ከትከሻ ላይ ወርዷል። ከዚያ ወዲያ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ እያለ የሚዘረጋው የይፋት ቆላ ማሽላና ጤፍ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ያበቅላል። ማሾ ግን ከሁሉም የተለየ ነገር አለው። ቶሎ ይደርሳል፤ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ይበቃዋል። ዝናብ ባጠረበት ዓመትም ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። የሚዘራውም በአብዛኛው ለቤት ቀለብ ሳይሆን ለሽያጭ ነው፤ ገዢው ሩቅ ነው፣ እስያ ድረስ። ማሽላ ዋጋው ቢረክስ ጎተራ ገብቶ ቤተሰብ ይመግባል። ማሾ ግን ተሸጦ ነው የሚበላው። ስለዚህ መቼ ይሸጥ፣ በስንት ይሸጥ የሚለው ነገር የአንድ ቤተሰብን ዓመት ይወስናል።

ይፋት የዋጋ ወሬ ሲጠብቅ የኖረ አገር ነው። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ ንግድ በዚህ ያልፍ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን የነበረው የይፋት ሱልጣኔትና የወላስማ ሥርወ መንግሥትም ብርታታቸው ከዚሁ መንገድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የታወቀች ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን ዋጋ በሲራራው እግር ተጉዞ ይደርስ ነበርና፣ ሲደርስ የሳምንታት ዕድሜ ነበረው። ዛሬም ቢሆን የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው እሑድ ነው፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ባሉት ቀናት በየመንደሩ የሚወራው ዋጋ ያለፈው ገበያ ዋጋ ነው። በዚህ ማንም አይታለልም፤ ተናጋሪው «የባለፈው እሑድ ነው» ብሎ ይጀምራልና። ዋጋ ከነዕድሜው ይነገራል። ይህን ልብ እንበል፤ በኮምፒውተር ዘመን ለመጠበቅ ብዙ ጥበብ የሚጠይቀው ይኸው ጨዋነት ነውና።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት ግብይት ሲጀምር፣ የዋጋ ዕድሜ ከሳምንት ወደ ሰከንድ የሚያጥርበት መንገድ ተከፈተ። አዲስ አበባ ባለው የግብይት አዳራሽ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው በድምፅ ይደራደሩ ነበር፤ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይመታታሉ። ያ ምት በተሰማበት ቅጽበት አዲስ ዋጋ ተወለደ ማለት ነው። የተወለደውም ዋጋ በገጠር የገበያ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በድምፅ መልስ መስመር ወደ አምራቹ እንዲደርስ ተደረገ። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ምርት ገበያው ከሚያገበያያቸው ምርቶች ጋር ተቀላቀለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመዳፉ ምት ቀስ በቀስ ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ቦታውን ለቀቀ። አሁን ዋጋው የሚወለደው በኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የሚታየውም በሌላ ኮምፒውተር ወይም በገበሬው ልጅ ስልክ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ይመስላል፤ የሠራው ያውቀዋል።

የተለወጠው ዳታ፣ ያልተለወጠው ገጽ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ግራ መጋባት አለ። ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በፈጠረው በጃቫስክሪፕት «ሴትኢንተርቫል» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ «ይህን ሥራ በየ10 ሰከንዱ ድገመው» እንደማለት ነው። ወጣቱ በዚህ ትእዛዝ በየ10 ሰከንዱ የማሾን ዋጋ ከሰርቨር ያስመጣል፤ የመጣውንም በፕሮግራሙ ውስጥ በአሮጌው ቁጥር ቦታ ይተካል። ውስጡን ሲመረምረው ቁጥሩ በእርግጥ ተለውጧል። ስክሪኑ ላይ ግን የጠዋቱ ዋጋ እንደተገተረ ነው። ገጹን በእጁ ሪፍሬሽ ሲያደርገው ይስተካከላል፤ ከዚያ እንደገና ይደርቃል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ዳታውን ራሱን አይደለም፤ ዳታው አንድ ጊዜ ሲነበብ የተጻፈውን ጽሑፍ ነው። ዳታው ቢለወጥ ጽሑፉ በራሱ አያውቅም፤ የሚነግረው ካላገኘ እስከ ማታ ባለበት ይቆያል። የድረ ገጽ ሠሪዎች የሚመኩባቸው ትልልቅ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለዚህ ችግር መልስ ለመስጠት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት ዳታው በተወሰነለት መንገድ ብቻ እንዲለወጥ ያዛል፤ በዚያ መንገድ ሲለወጥ ገጹን ራሱ ያስተካክላል፣ በጎን ከለወጡት ግን አያየውም። አንጉላር ለብዙ ዓመታት በለመደው አሠራሩ ሰዓት ቆጣሪዎቹን እየተከታተለ፣ አንዱ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ገጹን ይፈትሻል። በማይክሮሶፍት ብሌዘር ደግሞ ሰዓት ቆጣሪው ከገጹ ውጭ ባለ ሌላ ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ ሊሠራ ስለሚችል፣ ፕሮግራመሩ ሥራውን ወደ ገጹ ትሬድ አምጥቶ «ሁኔታው ተለውጧል» ብሎ በግልጽ እንዲያስታውቅ ይፈለግበታል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሕጋቸው አንድ ነው፤ ለውጥ ካልታወጀ አይታይም።

ጥሩ ሠራተኛ ከዚህ ሕግ ሁለት ልማድ ያወጣል። አንደኛ፣ ዋጋው በፕሮግራሙ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ርእሱ ላይ፣ ሰንጠረዡ ውስጥና ግራፉ ላይ የሚታየው ቁጥር ሁሉ ከዚያ አንድ ቦታ ይነበባል። ሦስት ቦታ የተገለበጠ ዋጋ ውሎ አድሮ ሦስት ዋጋ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሲለወጥ የሚጻፈው የተለወጠው ብቻ ነው። 30 መስመር ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ የማሾ ዋጋ ብቻ ከተለወጠ የማሾው መስመር ብቻ ይነካል። ይህ ውበት ብቻ አይደለም። ብራውዘሩ ፕሮግራሙንም የሚያስኬደው፣ ገጹንም የሚስለው፣ የጣትን ንክኪም የሚሰማው በአንድ ዋና ትሬድ ላይ ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለእያንዳንዱ እድሳት ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ሰንጠረዡን በሙሉ አፍርሶ የሚሠራ ገጽ ይህን ጊዜ ያልፋል፤ ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው ሲጫን የማይሰማ፣ ሲያንሸራትት የሚንገጫገጭ ገጽ ያገኛል። ቁጠባው የሚጠቅመው ስልኩ ደካማ ለሆነው ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ቀርበን እንይ። አንዲት አቅራቢ ነጋዴ የማሾን ዋጋ እያየች ነው እንበል። ስልኳ «የማሾ ዋጋ ስንት ሆነ?» ብሎ ለሰርቨሩ ጥያቄ ልኮ መልስ ይጠብቃል። በዚህ መሃል «ሰሊጥ» የሚለውን ትጫናለች፤ ሁለተኛ ጥያቄ ይሄዳል። ኔትወርኩ ስለተጨናነቀ የኋለኛው ጥያቄ መልስ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሰሊጥ ዋጋ ይታያል። ከ3 ሰከንድ በኋላ የዘገየው የማሾ መልስ ይመጣና በሰሊጥ ርእስ ሥር ቁጭ ይላል። ስህተት ተፈጥሯል የሚል ጽሑፍ የለም። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ግን የሰሊጥ ነው ተብሎ የቆመው ዋጋ የማሾ ነው። ጠንቃቃው ሠራተኛ ይህን ገና ሳይሆን ያስበዋል። አዲስ ጥያቄ ሲወጣ አሮጌውን ይሰርዛል፤ ሊሰርዘው ባይችል ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ይሰጥና ተራው ያለፈበትን መልስ ሲደርስ ይጥለዋል። መልሱም ራሱ የምርቱን ስም ይዞ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ስሙና ርእሱ ካልገጠሙ አይጻፍም። ይህ ሁሉ አሥር መስመር ኮድ ቢሆን ነው። ተጠቃሚው መኖሩን ፈጽሞ አያውቅም። የሠራው ሰው ግን የነጋዴዋን አንድ ቀን አድኗል።

የሰዓት ቆጣሪው ጠባይ

ሰዓት ቆጣሪ ሲታዘዝ በትክክል የሚታዘዝ ይመስላል። አይደለም። «በየሰከንዱ» የተባለ ቆጣሪ ብራውዘሩ በሌላ ሥራ ከተያዘ ይዘገያል፤ የዘገየውም ይጠራቀማል። ግብይቱ እስኪዘጋ የቀረውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚቆጥር ገጽ በየጥሪው «አንድ ቀንስ» ብቻ ከተባለ፣ ቆይቶ ከእውነተኛው ሰዓት ይለያያል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ ቆጣሪውን ለመቀስቀሻ ብቻ ይጠቀምበታል፤ በተቀሰቀሰ ቁጥር ሰዓቱን ራሱን ያነባል፣ ከመዝጊያው ሰዓት ላይ ይቀንሳል፣ ልዩነቱን ይጽፋል። ቆጣሪው ቢዘገይ አንድ ሰከንድ ሳይታይ ያልፍ ይሆናል እንጂ ሰዓቱ አይዋሽም።

ስልኩ ኪስ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ብራውዘሮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ የተደበቀ ገጽ ሰዓት ቆጣሪን ያዘገዩታል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው በ88ኛው እትሙ ይበልጥ አጥብቆታል፤ ገጹ ከተደበቀ ከ5 ደቂቃ በኋላ በርካታ ቆጣሪዎች በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀሰቀሳሉ። ስልኩ ከተኛማ ጭራሽ አይቀሰቀሱም። ገበሬው ጠዋት ዋጋውን አይቶ ስልኩን ኪሱ ከትቶ እኩለ ቀን ላይ ቢያወጣው፣ ግድ በሌለው ሥራ የጠዋቱን ዋጋ የአሁን አስመስሎ ያያል። የታሰበበት ሥራ ገጹ ወደ ዓይን በተመለሰባት ቅጽበት የቆጣሪውን ተራ ሳይጠብቅ ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪመጣም ዋጋው የጠዋት መሆኑን ይናገራል። ገጹ ሲደበቅ ደግሞ መጠየቁን ራሱ ያቆማል፤ ማንም ለማያየው ቁጥር የሰውን የኢንተርኔት ጥቅል አያባክንም።

ሠራተኛን ከሠራተኛ የሚለየው ግን ማቆም ነው። ሰውየው ከዋጋ ገጽ ወጥቶ ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ አሮጌው ቆጣሪ ካልተዘጋ ከጀርባ መሥራቱን ይቀጥላል። ሲመለስ ሁለተኛ ቆጣሪ ይነሣል፤ ሲደጋግም ሦስተኛና አራተኛ። ስልኩ ይሞቃል፣ ሰርቨሩ በማይፈለግ ጥያቄ ይጥለቀለቃል፣ ቁጥሩም ከየአቅጣጫው እየተጻፈ ይርገበገባል። የሰለጠነ እጅ ቆጣሪውን ሲከፍት መዝጊያውን እዚያው አጠገቡ ይጽፋል። ኮዱን ለማንበብ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ የሠራው ሰው ሥርዓት ያለው መሆኑን ከሩቅ ይረዳል።

መጠየቅ ወይስ መጠበቅ

ለውጥን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። በየጊዜው መጠየቅ ይቻላል፤ ወይም ሲለወጥ እንዲነገር መጠበቅ ይቻላል። በይፋት ቆላ ማሽላው ሲያሸት ግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ ገበሬውም በማሳው መሃል ማማ ሠርቶ ወንጭፍ የያዘ ጠባቂ ያወጣበታል። ቤት የቀረው ሰው በየሰዓቱ ወደ ማሳው እየተመላለሰ ማየት ይችላል፤ አለዚያም ከማማው ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ሌላ ሥራውን ይሠራል። የመጀመሪያው መንገድ እግር ያደክማል፣ በሁለት ምልልስ መካከልም ወፉ ሊበላ ይችላል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ግን ማማ መሥራትና ጠባቂ ማቆም ይጠይቃል።

ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። በየጊዜው የሚጠይቅ ገጽ ለመሥራት ቀላል ነው፤ ጥበቡም በቁጠባው ላይ ነው። ሰርቨሩ ዋጋውን ሲልክ አብሮ የእትም ምልክት ይሰጣል፤ ስልኩ በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ ምልክት ያለው አለኝ፣ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 በሚባለው አጭር መልስ «አልተለወጠም» ብሎ ይመልሳል፤ ሙሉውን ሰንጠረዥ አይልክም። ደግሞም ሺህ ስልኮች ሁሉ በአንድ ሰከንድ ላይ እንዳይጠይቁ፣ ጥሩ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ስልክ ሰዓት በትንሹ ያበላልጠዋል። እንዲነገረው የሚጠብቀው ገጽ ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር ክፍት መስመር ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ደረጃው የወጣለት ዌብሶኬት ከነዚህ መንገዶች አንዱ ነው። ዋጋው በተለወጠበት ቅጽበት መልእክቱ ይመጣል።

የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የጉዳዩ ፍጥነት ነው። በግብይት ሰዓት በየአፍታው ለሚለወጥ ዋጋ ክፍት መስመር ይገባዋል። በሳምንት አንድ ቀን ለሚቆም የከብት ገበያ ዋጋ ግን በየ5 ሰከንዱ የሚጠይቅ ገጽ ባትሪ ከመጨረስ በቀር ምንም አይፈይድም። የነገሩን ፍጥነት አውቆ ለገጹ ፍጥነት መስጠት፣ ከኮዱ በፊት ገበያውን ማወቅ ይጠይቃል።

ከማማው ጠባቂ የሚወሰድ ሌላም ትምህርት አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ጠባቂው ዝም ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወፍ የለም፣ ወይም ጠባቂው ተኝቷል። ስክሪን ላይ የቆመ ቁጥርም ሁለት ትርጉም አለው፤ ዋጋው አልተለወጠም፣ ወይም መስመሩ ሞቷል። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ለሚሸጥ ሰው ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስለዚህ የረቀቀ ሥራ ዋጋ ባይለወጥም በየተወሰነ ሰከንድ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ከሰርቨሩ ያስልካል። መልእክቱ ከቀረ ገጹ መስመሩ እንደጠፋ ይረዳል፤ ለተጠቃሚውም ይናገራል። «አልተለወጠም» እና «አላወቅሁም» በአንድ መልክ እንዳይታዩ መጠንቀቅ የሙያው ከፍተኛ ደረጃ ነው።

በጣርማበር ዋሻ

ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ዋሻ አለ። ማሾ የጫነ መኪና ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ሽቅብ ወጥቶ ዋሻው ውስጥ ገባ እንበል፤ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ነጋዴ ዋጋ እያየ ሳለ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ገጹ አሁን ምን ማድረግ አለበት?

ክፉ ገጽ ባዶ ይሆናል፤ ነጋዴው በእጁ የነበረውን መረጃ ይነጥቀዋል። ከዚያ የሚብሰው ገጽ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ቁጥሩን እንደደመቀ ያሳያል። ጥሩው ገጽ ቁጥሩን አያጠፋም፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ከሥሩም «መስመር የለም፤ ዋጋው ከ6 ደቂቃ በፊት የነበረ ነው» ብሎ ይጽፋል። ደቂቃው ሲያልፍ 6 የነበረው 7 ይሆናል። እዚህ ላይ የሥራውን ውስጣዊ ውበት እናያለን። ከውጭ ምንም አዲስ ዳታ አልመጣም፤ ግን ገጹ መለወጥ አለበት፣ ጊዜው ራሱ ተለውጧልና። ዋጋው የሚንቀሳቀሰው በገበያው ሰዓት ነው፤ ዕድሜው የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በራሱ ሰዓት። ሁለቱን ለየብቻ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ነገሩ ገብቶታል።

ዕድሜውን ማስላትም ጥንቃቄ አለው። የብዙ ሰው ስልክ ሰዓት ትክክል አይደለም፤ በእጅ የተሞላ፣ በደቂቃዎች ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሄደ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው የሰርቨሩን ሰዓት ከስልኩ ሰዓት ጋር በማነጻጸር ብቻ ከተሰላ፣ ገና ያልመጣ ዋጋ የታየ የሚያስመስል ቁጥር ሊወጣ ይችላል። አዋቂው ሠራተኛ መልሱ ሲደርስ የሰርቨሩንና የስልኩን ሰዓት ልዩነት አንድ ጊዜ ይይዝና ከዚያ በኋላ ያንን እያረመ ይቆጥራል።

መኪናው ከዋሻው ሲወጣ ገጹ እንደገና ይሞክራል። ካልተሳካ ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 እያለ ክፍተቱን እያሰፋ ይሞክራል፤ በደከመ መስመር ላይ ያለማቋረጥ አይጎተጉትም። መስመሩ ሲመለስ ቁጥሩ ይደምቃል፤ በመሃል ዋጋው ሁለት ጊዜ ተለውጦ ቢሆን እንኳ የመጨረሻው ይታያል። ነጋዴው ምንም ቁልፍ አልነካም።

ለዓይንና ለጣት

ወደ ላይኛው ገጽ ስንመጣ ደግሞ ሥራው የፊደል ቀራጭ ዓይን ይጠይቃል። በብዙ የፊደል ቅርጾች 1 ቁጥር ከ8 ይጠባል፤ ስለዚህ ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ስፋቱ ይለወጥና ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጥሩ ሠራተኛ አሃዞቹ ሁሉ እኩል ስፋት እንዲኖራቸው ያዛል፤ ቁጥር ይለወጣል፣ ዓምዱ አይነቃነቅም። መለወጡን ለማሳወቅ መስመሩ ለአንድ አፍታ ቀለሙ ደመቅ ይልና ይመለሳል። መጨመርና መውረድን ለመለየት አረንጓዴና ቀይ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱን ቀለም የማይለይ ዓይን ያለው ሰው አለ፤ የላይና የታች ቀስት ይጨመራል። ማየት ለማይችልና ስልኩ ጮክ ብሎ ለሚያነብለት ሰው ደግሞ ለውጡ በድምፅ እንዲነገር ይደረጋል፤ ግን በየሰከንዱ እንዳያውከው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር እስኪጨርስ ይጠብቃል።

ሰንጠረዡ በዋጋ የተደረደረ ከሆነ ለውጡ መስመሮቹን ሊያቀያይር ይችላል። ሰውየው ጣቱን ወደ ማሾ ሲያወርድ በዚያች ቅጽበት ቦሎቄ ቢተካ የተጫነው ሌላ ነው። የሚያስብ ሠራተኛ ሰውየው ሰንጠረዡን እየተጠቀመ ሳለ ድርደራውን ያቆመዋል፤ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፣ ቦታቸውን ግን አይለቁም።

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ

ለኢትዮጵያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ብዙው ዓለም የማያውቀው ሥራ አለበት። አገራችን ዩቲሲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ግን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ የምንናገረው ቁጥር ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በዩቲሲ የሚቆጥር ሰርቨር 7 ሲል እኛ ጠዋት 4 ሰዓት እንላለን። ወሮቻችን 13 ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6፤ በ2015 ዓ.ም. 6 ነበረች፣ በ2019 ዓ.ም.ም 6 ትሆናለች። ዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከነስሌቱ ይዘው ይመጣሉ፤ 12 ወር ብቻ ባለው ሰንጠረዥ በእጅ መቁጠር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ብራውዘሩ አይሠራልንም። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚለውጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ሰው ግን አዲስ ቀን የሚለው ሲነጋ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማሾ የሚያስጭን ነጋዴ «የዛሬ ዋጋ» የሚል ጽሑፍ ቢያይ የትኛውን ቀን ይረዳ? ደግሞም ማታ የተከፈተ ገጽ ላይ ያለው «ዛሬ» ሌሊቱን ሲያልፍ፣ ማንም ሳይነካው ሐሰት ይሆናል። ብልህ ሠራተኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይፈታዋል፤ «የማክሰኞ ዋጋ» ብሎ ይጽፋል። የቀን ስም በሌሊት መሃል ሐሰት አይሆንም። የሰንበቴ ገበያተኛም «የባለፈው እሑድ ነው» ሲል የኖረው ይህንኑ ነበር።

ሥራው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ኮድ ማንበብ አያሻም። የዋጋ ገጽ የከፈተ ሰው ኢንተርኔቱን ዘግቶ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን ይመልከት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከግማሽ ቀን በኋላ ያውጣውና መጀመሪያ ምን እንደሚያይ ያስተውል። ምርቶቹን በፍጥነት እያቀያየረ ስምና ዋጋ ተያይዘው መሄዳቸውን ይፈትሽ። በሦስቱም ያልዋሸ ገጽ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ የዋሸም ካለ ለሠሪው መንገር ይገባል፤ መጠገኑ ብዙ ጊዜ ጥቂት መስመር ነውና።

ለይፋት ገበሬ፣ ለሸዋ ሮቢት አቅራቢ፣ ለየትኛውም የአገራችን አምራች የዋጋ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ያዙ። ፈጣን ቁጥር ማሳየት ብዙዎች ይችሉታል፤ እናንተ ግን ቁጥሩን ከነዕድሜው አሳዩ፤ ስታውቁ ስንት መሆኑን፣ ሳታውቁ አለማወቃችሁን። ይሽጥ ወይስ ይቆይ ብሎ በዓመት ልፋቱ ላይ የሚወስን ሰው በገጻችሁ ሊተማመን የሚችለው በዚህ ነው፤ ሙያችሁም ስሙን የሚያገኘው ከዚያ መተማመን ነው።